«ማን ፈቀደ?»፦ በናይሮቢ የሕዝብ ቦታዎች ላይ የተደረገ ምልልስ

አንደኛው ተነጋጋሪ በናይሮቢ ኢስትሊ ሰፈር ልብስ ሲነግዱ ብዙ ዘመን ያስቆጠሩ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ናቸው። ሁለተኛዋ ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት አርክቴክት ናት። ሁለቱም የጸሐፊው ፈጠራ ናቸው፤ የሚያነሷቸው ቦታዎች፣ ሕጎችና ክስተቶች ግን እውነተኛ ናቸው። ዓመቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የሚነጋገሩት በመሃል ናይሮቢ፣ ጂቫንጂ መናፈሻ ውስጥ ነው።

አርክቴክቷ፦ ጋሼ፣ ዛሬ ጊጊሪ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስለ ሕዝብ ቦታ ስንወያይ አረፈድን። የዓለምን ከተሞች ጉዳይ የሚከታተለው ዩኤን ሃቢታት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያ ነው። የሚገርመው፣ ስለ ክፍት ቦታ ለማውራት ተፈትሸንና ባጅ አንጠልጥለን ነው የገባነው።

ነጋዴው፦ እዚህስ ስትገቢ የጠየቀሽ ሰው አለ?

አርክቴክቷ፦ ማንም። ኦቾሎኒ ሻጩ ብቻ «ካሪቡ»፣ እንኳን ደህና መጣሽ፣ አለኝ።

ነጋዴው፦ በይ እንግዲያው እዚሁ እናውራ። ይህን መናፈሻ ለከተማው የሰጠው አሊብሃይ ሙላ ጂቫንጂ የሚባል ከካራቺ የመጣ ነጋዴ ነው፤ በ1906። ለኡጋንዳው የባቡር መስመር ሥራ ሠራተኛና ስንቅ ያቀርብ የነበረ ሰው ነው። ናይሮቢ ራሷ በ1899 የባቡር ጣቢያ ሆና ነው የተቆረቆረችው። ያኔ እንግሊዙ የላዩን ሰፈር ለነጭ፣ መካከሉን ለሕንድ፣ ረግረጉን ለአፍሪካዊው ሲያከፋፍል፣ ይኼ ሕንዳዊ ደግሞ አምስት ሄክታር የማይሞላ ቁራሽ መሬት ለነዋሪው ብሎ ሰጠ። የንግሥት ቪክቶሪያንም ሐውልት አቆመበት።

አርክቴክቷ፦ ሐውልቱ ግን የለም።

ነጋዴው፦ በ2015 ሰብረው ጣሉት። መናፈሻው ግን ከሐውልቱ ዕድሜ በላይ ኖረ፤ ዝም ብሎ አልኖረም እንጂ። በ1991 ከተማውን ያስተዳድር የነበረው ኮሚሽን እዚህ ላይ የመኪና ማቆሚያ ፎቅ ለመሥራት ተነሣ። ያስቆመችው የሰጪው የልጅ ልጅ ዛሪና ፓቴል ናት። ወረቀቱን ይዛ ወጣች፣ ጻፈች፣ ሰው አስተባበረች። ከዓመታት በኋላም ተመሳሳይ ሐሳብ ተመልሶ መጥቷል።

አርክቴክቷ፦ ስለዚህ መናፈሻውን ያተረፈው የስጦታው ሰነድ ነው። እኔም ጠዋት የተከራከርኩት ይህንኑ ነው። የሕዝብ ቦታ በማስተር ፕላን ላይ በአረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ መቀመጡ አይበቃም፤ ካርታ ሊኖረው፣ በስም ሊመዘገብ ይገባል።

ነጋዴው፦ ወረቀት ብቻ ቢሆን አይተርፍም ነበር። ያንን ከዛፉ ሥር የቆመውን ሰብሰብ ያለ ሰው ታዪዋለሽ? ቡንጌ ላ ምዋናንቺ ይሉታል፤ የተራው ሰው ፓርላማ ማለት ነው። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ሥራ አጡም፣ የጥበቃ ሠራተኛውም፣ የኮሌጅ ተማሪውም እየመጣ ስለ ዱቄት ዋጋና ስለ ሕገ መንግሥት ይሟገታል። ጠዋት ማታ ሰው የሚቆምበትን መሬት በሌሊት አጥሮ ለመውሰድ አይመችም።

አርክቴክቷ፦ ጋሼ፣ ሰው መቆሙ ብቻ ቢያድን ኖሮ በየከተማው የሚፈናቀል ሰፈር አይኖርም ነበር። በ2024 ከጎርፉ በኋላ ማታሬና ሙኩሩ በወንዙ ዳር የነበሩት ቤቶች ሲፈርሱ፣ እዚያ ሰው አልነበረም እንዴ? ሞልቶ ነበር።

ነጋዴው፦ እውነትሽን ነው። ሰው ኖሮ ወረቀት ከሌለ ዶዘር ይመጣል፤ ወረቀት ኖሮ ሰው ከሌለ አጥር ይመጣል።

አርክቴክቷ፦ ታዲያ ሦስተኛ ነገር ያስፈልጋል።

ነጋዴው፦ እሱን ለማየት ወደ ኡሁሩ ፓርክ እንሂድ። በእግር ሩቅ አይደለም፤ በወሬ ደግሞ ቅርብ ነው። ጆሞ ኬንያታ በ1969 የከፈተው ነው። በ1989 የገዢው ፓርቲ የካኑ የንግድ ድርጅት ከእንግሊዛዊው የጋዜጣ ከበርቴ ከሮበርት ማክስዌል ጋር ሆኖ መናፈሻው ውስጥ 60 ፎቅ ሊያቆም ወሰነ። ከፊት ለፊቱ የፕሬዚዳንት ሞይ ግዙፍ ሐውልት ይቆማል ተባለ። የአካባቢ ተቆርቋሪዋ ዋንጋሪ ማታይ ይህን ስትሰማ ደብዳቤ መጻፍ ጀመረች፤ ለፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት፣ ለከተማው ኮሚሽን፣ ለእንግሊዝ አምባሳደር፣ ለዩኔስኮ።

አርክቴክቷ፦ ምን ብላ ነው የጻፈችው?

ነጋዴው፦ ጥያቄዋ ቀላል ነበር፤ ማን ፈቀደ? ለእንግሊዙ ደግሞ ይህን ለንደን ሃይድ ፓርክ ውስጥ ታደርጉት ነበር ወይ አለችው። ፓርላማው ተቆጣ፤ እንደራሴዎቹ እሷንና ድርጅቷን «የፈቶች ስብስብ» እያሉ አላገጡባቸው። ፕሬዚዳንቱም በአደባባይ ዘለፏት። ግሪን ቤልት ሙቭመንት የሚባለው ማኅበሯ ከቢሮው እንዲወጣ ተደረገ።

አርክቴክቷ፦ ፍርድ ቤትስ አልሄደችም?

ነጋዴው፦ የነገሩ እምብርት እዚያ ነው። ሄደች። በዲሴምበር 1989 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ክሱን ጣለው። ፎቁ ይገባል ብሎ አልፈረደም፤ አንቺ ለመክሰስ መብት የለሽም ነው ያላት። ከሌላው ሰው ተለይቶ በአንቺ ላይ የደረሰ ጉዳት የለም፤ ቦታው የሕዝብ ነው፣ ለሕዝብ የሚከራከረው ደግሞ ዐቃቤ ሕግ ነው የሚል መንገድ ነው የሄደው።

አርክቴክቷ፦ ዐቃቤ ሕጉ ደግሞ የመንግሥት ነው፤ ሠሪውም የመንግሥት ፓርቲ ነው።

ነጋዴው፦ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ አየሽ? ጎረቤትሽ ጓሮሽን ቢወስድ መክሰስ ትችያለሽ፤ መንግሥት የሁላችሁንም መናፈሻ ቢወስድ ግን አንድም ሰው መክሰስ አይችልም። የሁሉም ስለሆነ የማንም አይደለም ማለት ነው። ፎቁ የቀረው በሕግ አይደለም፤ ጩኸቱ ውጭ ሀገር ደርሶ አበዳሪዎቹ ስለሸሹ ነው። አጥሩ የተነሣው በ1992 መጀመሪያ ነው።

አርክቴክቷ፦ በዚያው ዓመት እናቶቹ ገቡበት።

ነጋዴው፦ አዎ፣ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ። የፖለቲካ እስረኞች እናቶች ልጆቻችን ይፈቱ ብለው ከመናፈሻው ጥግ ተቀምጠው የረሃብ አድማ አደረጉ፤ ማታይም አብራቸው ነበረች። ፖሊስ ዱላና አስለቃሽ ጭስ ይዞ ሲመጣ፣ አሮጊቶቹ ልብሳቸውን አውልቀው ቆሙ። በዚህ ሀገር እናት እንዲህ ካደረገች እርግማን ነው። ማታይ ራሷን ስታ ሆስፒታል ገባች። እናቶቹ ከዚያ በኋላ ከመናፈሻው ፊት ለፊት ባለው በኦል ሴይንትስ ካቴድራል ተጠልለው አንድ ዓመት ያህል ቀጠሉ፤ ከእስረኞቹም አብዛኞቹ ተፈቱ። ያንን ጥግ ሕዝቡ ዛሬም የነፃነት ጥግ ነው የሚለው። አሁን ልጠይቅሽ፤ ፎቁ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ እነዚያ እናቶች የት ይቀመጡ ነበር?

አርክቴክቷ፦ ይህን እንደ ባለሙያ ብዙም አናስበውም። መናፈሻ ስንነድፍ የምንቆጥረው ዛፍ፣ መብራት፣ አግዳሚና የልጆች መጫወቻ ነው። ሰው ለአቤቱታ የሚሰበሰብበት ቦታ ብለን በፕላን ላይ የምንጽፈው የለም።

ነጋዴው፦ ስትነድፉት ባትጽፉትም ያደርጉታል። በማርች 1922 ሃሪ ቱኩ የሚባል የፖለቲካ መሪ ሲታሰር ሕዝቡ ፖሊስ ጣቢያው ፊት ተሰበሰበ። ፖሊስ ተኮሰ፤ መንግሥት ራሱ ያመነው 21 ሰው መሞቱን ነው። ያ ቦታ መንገድ ነበር፤ በማንም ፕላን ላይ አደባባይ ተብሎ አልተጻፈም። ዛሬ በዚያው አካባቢ አንድ ጎዳና በቱኩ ስም ይጠራል።

አርክቴክቷ፦ ወደ ክሱ ልመልስዎት። በ1989 መክሰስ የማይችል ሰው ዛሬ ይችላል?

ነጋዴው፦ ይችላል። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ያን በር ከፍቶታል። ይፋ የሆነውም በዚያው በኡሁሩ ፓርክ ነው፤ ኦገስት 27።

አርክቴክቷ፦ ይህን እኔም አንብቤዋለሁ። አንቀጽ 70 ንጹሕ አካባቢ የማግኘት መብት ተጣሰ የሚል ማንኛውም ሰው፣ እሱ ላይ ወይም ሌላው ላይ ጉዳት መድረሱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል ይላል። አንቀጽ 62 ደግሞ ከሕዝብ መሬት ከፊሉን የካውንቲው መንግሥት በአደራ እንዲይዝ ያደርጋል፤ የሚያስተዳድረው ብሔራዊ የመሬት ኮሚሽን ነው። ካውንቲው ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። ባለአደራ ደግሞ ይጠየቃል።

ነጋዴው፦ አደራ የሚለውን እኛም እናውቀዋለን። ግን ይህ ሕግ እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘረፋ ስላዩ ነው። ፕሬዚዳንት ኪባኪ ሥልጣን እንደያዙ በ2003 በጠበቃ ፖል ንዱንጉ የሚመራ አጣሪ ኮሚሽን አቋቋሙ፤ በቀጣዩ ዓመት ሪፖርቱን አስረከበ። 200,000 ያህል ሕገወጥ የይዞታ ሰነድ ወጥቷል ብሎ ገመተ፤ አብዛኛው ከ1986 እስከ 2002 ባለው ጊዜ ነው። ጫካ፣ የትምህርት ቤት ሜዳ፣ የመቃብር ቦታ፣ የመንገድ ጠርዝ፣ የሕዝብ ሽንት ቤት ሳይቀር።

አርክቴክቷ፦ አሠራሩ እንዴት ነበር?

ነጋዴው፦ ንግድ ነው፣ በደንብ ይገባኛል። ቅርብ የሆነ ሰው ባዶ ቦታ አይቶ የመሬት ኃላፊው ዘንድ ይሄድና የምደባ ደብዳቤ ይቀበላል። በዚያ ደብዳቤ ላይ ምንም አይሠራም፤ ይሸጠዋል። የሚገዛው ብዙ ጊዜ የመንግሥት ድርጅት ነው፣ ለምሳሌ የሠራተኞች ጡረታ ገንዘብ፤ በውድ ዋጋ እንዲገዛም ከላይ ይታዘዛል። ስለዚህ ሕዝብ የራሱን መሬት በራሱ ገንዘብ መልሶ ይገዛል። በመጨረሻ ላይ የቆመው ባለይዞታ ደግሞ «እኔ በንጹሕ ገንዘቤ ነው የገዛሁት» ይላል።

አርክቴክቷ፦ እሱንም ዘግተውታል። አንቀጽ 40 የንብረት መብት በሕገወጥ መንገድ የተገኘን ንብረት አይጠብቅም ይላል። በኤፕሪል 2023 የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞምባሳ የኒያሊ ባሕር ዳርቻ ጉዳይ ላይ ፈረደ። ለባሕሩ መግቢያ የሆነ ክፍት ቦታ በ1989 ለፕሬዚዳንት ሞይ ተመድቦ፣ ከዚያ በሽያጭ አንድ ኩባንያ እጅ ገብቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ መሠረቱ የተበላሸን ይዞታ የኋላ ገዢ ንጽሕና አያድነውም አለ።

ነጋዴው፦ ሕጉ ይህን ያህል ከጠነከረ በ2015 ልጆቹ ለምን አስለቃሽ ጭስ በሉ? ላንጋታ ሮድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ታጥሮ፣ በጃንዋሪ 19 ከእረፍት የተመለሱት ተማሪዎች አጥሩን ሲገፉ ፖሊስ ጭስ ለቀቀባቸው። ዩኒፎርም የለበሱ ሕፃናት። ሕገ መንግሥቱ ወጥቶ ገና አምስት ዓመት አልሞላውም ነበር።

አርክቴክቷ፦ ሜዳው ግን ተመለሰላቸው። ልጆቹ አጥሩን ባይነኩት ማን ያስታውሰው ነበር? ሕጉም ባይኖር ልጆቹ ጥፋተኛ ሆነው ይቀሩ ነበር። ሕጉ ለሚጠይቅ ሰው ነው የሚሠራው።

ነጋዴው፦ አሁን ስለ ሀገራችን ንገሪኝ። ስወጣ ደርግ ሊወድቅ ነበር፤ መሬት የመንግሥት ነበር።

አርክቴክቷ፦ አሁንም ያው ነው። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። በኬንያ የምናየው ዓይነት የተሸጠ የሕዝብ መሬት በወረቀት ደረጃ ሊኖር አይገባም። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ቦታ ከሕዝብ እጅ የሚወጣው በሽያጭ ሳይሆን በውሳኔ ነው። አንድ ቢሮ ይወስናል፣ ሌላው ያጥራል።

ነጋዴው፦ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

አርክቴክቷ፦ ሁሌም አይደለም። ጃንሜዳን ይውሰዱ። በ2020 ኮሮና ሲመጣ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚያ ተዛወረ። ጥምቀት የሚከበርበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት፣ ሯጮች የሚሰለጥኑበት ሜዳ የሽንኩርትና የቲማቲም ጭቃ ሆነ። ምክንያቱ በቂ ነበር፤ ሰው እንዳይጨናነቅ ነው። ግን ገበያው እዚያው ሊቀር ነው የሚል ስጋት ሲመጣ ምዕመኑም ስፖርተኛውም ጮኸ፤ ለ2021 ጥምቀት ሜዳው ጸድቶ ተመለሰ። ጃንሜዳን ያተረፈው ካርታ አይደለም፤ በየዓመቱ ታቦት ይዞ የሚመጣው ሕዝብ ነው።

ነጋዴው፦ ይኼው፣ የእኔን ቃል ተናገርሽልኝ።

አርክቴክቷ፦ በሌላ በኩል መስቀል አደባባይን ይዩ። ከንጉሡ ዘመን እስከ አብዮት አደባባይ፣ ከዚያም እስከ ዛሬ ሰልፉም፣ በዓሉም፣ ሩጫውም እዚያ ነው። በ2021 ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ተሠርቶ ታድሷል፤ አምሯል። በቅርቡ የመጣውም የኮሪደር ልማት ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት ሰጥቶናል። እናቴ ማታ ማታ ትሄድበታለች፤ ድሮ የማይታሰብ ነው። እኔ ይህን አላጣጥልም። ግን በ2024 ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሰው የሰማው ምልክት ሲደረግበት ነው። የተሠራውን ለማድነቅ ተጠርተናል፤ ሳይሠራ ለመጠየቅ ግን አልተጠራንም።

ነጋዴው፦ እና የሚከስ የለም?

አርክቴክቷ፦ በር የለም ማለት አይቻልም። በእኛ አቆጣጠር የ1995ቱ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ፣ ቁጥር 300፣ ማንኛውም ሰው የራሱን ጥቅም ማስረዳት ሳያስፈልገው አካባቢን በሚጎዳ ላይ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል ይላል፤ መልስ ካጣ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በሩ ለብክለት ተከፍቷል። ለሜዳ፣ ለአደባባይ፣ ለእግረኛ መንገድ በዚያው ስፋት አልተከፈተም።

ነጋዴው፦ አንድ ነገር ግን ልቃወምሽ። አጥርን ሁሉ አትጥዪ። ካሩራን አይተሻል?

አርክቴክቷ፦ ትናንት ሄድኩ። ከተማ መሃል ከ1,000 ሄክታር በላይ ደን መኖሩ ያስቀናል። ግን ከፍዬ ነው የገባሁት፤ የውጭ ዜጋ ደግሞ ከኬንያዊው በላይ ይከፍላል። የሕዝብ ደን ለመግባት ትኬት?

ነጋዴው፦ እኔ ከተማዋ ስገባ ካሩራ ሌባና አስከሬን የሚጣልበት ቦታ ነበር። ማንም አይገባም። ስለማይገባም በ1998 መሬቱ ለባለሀብት ተሸንሽኖ ዶዘር ገባ። ማታይ ችግኝ ይዛ ሄደች፤ በጃንዋሪ 1999 የተቀጠሩ ጎረምሶች በዱላ ራሷን ፈነከቷት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተማውን አናወጡት። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ሞይ የሕዝብ መሬት ምደባ ይቁም አሉ። ደኑ ዳነ፤ ግን ገና የሚያስፈራ ነበር። የካሩራ ወዳጆች ማኅበር ከደን አገልግሎቱ ጋር አጥሮ፣ ጠባቂ ቀጥሮ፣ በ2011 ከፈተው። ከጠባቂዎቹ ከአጠገቡ ካለው ደሃ ሰፈር የተቀጠሩ አሉ። ዛሬ ሴት ልጅ ብቻዋን ትሮጥበታለች። ያ አጥር ነው ደኑን የሕዝብ ያደረገው።

አርክቴክቷ፦ አጥሩን ተቀበልኩ። ክፍያው ግን ለማን እንደሚገባ ይጠየቃል። በ2025 መግቢያው በመንግሥት የዲጂታል መስመር በኩል ብቻ ይከፈል ሲባል ጠብ ተነሥቶ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደርሷል።

ነጋዴው፦ መጠየቁ ነው ዋናው። በሌላ በኩል ያን ከከተማዋ በላይ የተንጠለጠለውን መንገድ አስቢው። የናይሮቢ ኤክስፕረስዌይ፣ 27 ኪሎ ሜትር፣ በ2022 ተከፈተ። የሠራው የቻይና ኩባንያ ለ27 ዓመት ክፍያ ይሰበስብበታል። ከሥሩ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስና እግረኛው ይጋፋል። የነበረው መንገድ ጠበበ፣ ብዙ ዛፍ ወደቀ። ግን እዚህም የጠየቀ ስለነበረ ሁለት ነገር ተርፏል። አንዱ ኡሁሩ ፓርክ ነው፤ በ2019 ከጫፉ ሊቆርጡ ነበር። ሁለተኛው ዌስትላንድስ ያለው የመቶ ዓመት ዋርካ ነው፤ በ2020 በፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እንዳይነካ ተባለ።

አርክቴክቷ፦ ጋሼ፣ አሁን የሚያስቆጣ ጥያቄ ልጠይቅ። ትናንት ሱቅዎ ስመጣ ስለ ጎዳና ነጋዴዎቹ ሲራገሙ ነበር።

ነጋዴው፦ ብራገምስ! ኪራይ እከፍላለሁ፣ ፈቃድ በየዓመቱ አወጣለሁ፣ ግብር አለ። እሱ ሸራውን በሬ ላይ ዘርግቶ እኔ የምሸጠውን ሹራብ በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። ካንጆ ሲመጣ ጠቅልሎ ይሮጣል፤ ካንጆ ሲሄድ ይመለሳል።

አርክቴክቷ፦ ካንጆ የእኛ ደንብ አስከባሪ ነው?

ነጋዴው፦ አባትና እናቱ አንድ ነው።

አርክቴክቷ፦ የእርስዎስ ማንጠልጠያ? እስከ ቦዩ ድረስ ወጥቷል። እኔ ለማለፍ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ።

ነጋዴው፦ ሁሉም ነጋዴ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

አርክቴክቷ፦ ልክ ነው፤ ለዚህ ነው የጠየቅሁት። ፈቃድ ያለው ሰው የእግረኛውን መንገድ ሲይዝ ንግድ ይባላል፣ ፈቃድ የሌለው ሲይዝ ወረራ ይባላል። ለሚያልፈው ሰው ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

ነጋዴው፦ ታዲያ ምን ይደረግ? ሙቱርዋ ገበያን ሠሩላቸው፤ ብዙዎቹ ትተውት መጡ።

አርክቴክቷ፦ ገዢው የሚያልፈው እዚህ ስለሆነ ነው። ሰው ከአውቶቡስ ወርዶ ቤቱ ሲሄድ ነው ካልሲ የሚገዛው። በእኛም ሀገር የጉሊት ነጋዴዋን ከመንገድ አንሥተው አራተኛ ፎቅ ላይ ቦታ ቢሰጧት ቲማቲሟ ይበሰብሳል። መፍትሔው ሰዓትና ቦታ መከፋፈል ነው። የትኛው ጎዳና፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ለእግረኛ ስንት ሜትር ይቀራል የሚለውን እርስዎም እነሱም እግረኛውም ተቀምጠው ቢስማሙ፣ ካንጆ የሚጠብቀው የታወቀ ደንብ ይኖረዋል። በ2019 ሉቱሊ ጎዳና ሲታደስ መኪናውን ቀንሰው ለእግረኛ ቦታ ሰጥተዋል፤ መጀመር ይቻላል።

ነጋዴው፦ እሱ ከግማሽ ዋጋ ይውጣ እንጂ እቀመጣለሁ። በቁም ነገር ስናወራ ግን ያ ልጅም ዕዳ የለበትም። በጁን 2025 እዚሁ መሃል ከተማ ሰልፍ በነበረ ቀን የአፍ ጭምብል እያዞረ በሚሸጥ ወጣት ላይ ፖሊስ በቅርብ ርቀት ተኮሰ። በወሩ መጨረሻ ሞተ። ሰልፈኛም አልነበረም፤ እንጀራው ጎዳናው ላይ ስለሆነ ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካንጆ ሲመጣ በሬ ላይ የሚሸጠው ልጅ ሸራውን ወደ ሱቄ ውስጥ ይጥላል፤ ዝም እላለሁ።

አርክቴክቷ፦ እርስዎ ራስዎስ? የዚህ ከተማ ሕዝብ ነዎት?

ነጋዴው፦ ከባድ ጥያቄ ነው። በኤፕሪል 2014 ኢስትሊ ላይ አሰሳ ተደረገ፣ ኡሳላማ ዋች ይሉታል። በሰፈሩ ፍንዳታ ደርሶ ስለነበር ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው ተያዘ፤ አብዛኛው ሶማሌ። ብዙዎቹ የተወሰዱት የካሳራኒ ስታዲየም ነው። አስቢው፤ ሕዝብ ሩጫ የሚያይበት ቦታ የወረቀት መፈተሻ ሆነ። እኔ መታወቂያዬን ይዤም ከቤት አልወጣሁም። የሁሉም ነው የተባለ ቦታ፣ አንድ ቀን «አንተ ከሁሉም ውስጥ አይደለህም» ሊለኝ እንደሚችል ያን ጊዜ አወቅሁ።

አርክቴክቷ፦ ቅድም የጠቀስነውን አንቀጽ 62 ልድገምልዎት። ካውንቲው የሕዝብ መሬትን በአደራ የሚይዘው በካውንቲው ለሚኖሩ ሰዎች ነው ይላል፤ ለዜጎች አይልም። የመሰብሰብና አቤቱታ የማቅረብ መብትን የሚሰጠው አንቀጽ 37ም ለማንኛውም ሰው ነው የሚለው። በሕጉ መሠረት ይህ አግዳሚ ለእርስዎም በአደራ የተያዘ ነው።

ነጋዴው፦ እውነት ለሚኖሩ ነው የሚለው?

አርክቴክቷ፦ ለሚኖሩ። እኔ የዛሬ ሳምንት ስመለስ እቀነሳለሁ፣ እርስዎ ግን ይቀራሉ።

ነጋዴው፦ ከብዙ ንግግር ይህቺ በቃችኝ። ግን ሕጉና ሽቦው አብረው ነው ያሉት። በጁን 2024 ወጣቶቹ የፋይናንስ ሕጉን ተቃውመው ፓርላማ ሲገቡ ብዙ ልጅ ሞተ፤ በማግስቱ ፕሬዚዳንት ሩቶ ሕጉን አልፈርምም አሉ። በጁላይ 7 በኡሁሩ ፓርክ ለሞቱት የመታሰቢያ ኮንሰርት ተደረገ፤ ያ በ1989 ፎቅ ሊሆን የነበረ ሜዳ። ከዓመት በኋላ በመታሰቢያው ቀን ግን ወደ መሃል ከተማ የሚያስገባው መንገድ ተዘጋ፣ ፓርላማው ዙሪያ እሾሃማ ሽቦ ተዘረጋ። ከተማ ሙሉ ለአንድ ቀን ሲታጠር፣ ያን አጥር ማን ፈቀደ?

አርክቴክቷ፦ አሁን ሦስተኛው ነገር ግልጽ ሆነልኝ። ወረቀት፣ ሰውና የመጠየቅ መብት። ቦታው በሕዝብ ስም ይመዝገብ፤ ሰው በየቀኑ ይጠቀምበት፤ ማንም ነዋሪ ጉዳቱን ሳያስረዳ ውሳኔውን ሊጠይቅና ሊከስ ይቻለው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ሁለቱ ብዙ አይቆዩም። ማታይ በ1989 ሁለቱ ነበሯት፤ ሦስተኛው ስለጎደላት በባዕድ አበዳሪ ምሕረት ነው የተረፈችው።

ነጋዴው፦ እኔ አጭር አደርገዋለሁ። የሕዝብ ቦታ ማለት ማንም ቆሞ «ማን ፈቀደ?» ብሎ መጠየቅ የሚችልበት፣ የተጠየቀውም የመመለስ ግዴታ ያለበት ቦታ ነው። መልስ ከሌለ ዛፍም ይኑረው፣ መብራትም ይኑረው፣ የሰው ግቢ ነው፤ እንግዳ ነሽ።

አርክቴክቷ፦ ይህን ነገ ጠዋት ለስብሰባው ብነግራቸው ምን ይሉኛል?

ነጋዴው፦ ለእነሱ ትተሽ ለሰፈርሽ ንገሪ። አዲስ አበባ ስትገቢ ቤታችሁ አጠገብ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ሜዳ ካለ፣ ወረዳ ሄደሽ በማን ስም እንደተመዘገበና በፕላኑ ላይ ምን ተብሎ እንደተጻፈ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ጎረቤቶችሽም እንዲጠይቁ ንገሪ። መጠየቂያው ጊዜ አጥሩ ሳይቆም ነው፤ ከቆመ በኋላ ጉዳዩ የአጥሩ ባለቤት ይሆናል።